ምርመራ

በሐምሌ አጋማሽ፣ ዊኒፔግ ሲሞቃት፣
ሥራዬ መዞር ነው፣ አንጋጦ ለማየት፤
ሰው ጫማውን ሲያይ፣ እኔ ጫፍ ጫፉን፣
ያለወቅቱ ጠውልጎ የዞረ ቅርንጫፉን።
ኤልም እንደ ሰው ልጅ ሲታመም አያስልም፤
አንድ ቢጫ ቅጠል ጥሎ፣ ዝም ነው፣ ዝም።

ከተማው ለዛፉ መዝገብ ከፍቶለታል፤
ቁጥሩን፣ የግንድ ዙሪያውን፣ ዕድሜውን ጽፎታል፤
ማን እንደከረከመው፣ መቼ፣ በየት በኩል፤
ከዳር ጠባብ ዓምድ አለ፣ «ምርመራ» የሚል።
እዚያ ላይ የሚጻፍ ነገር እየጠፋ፣
ከላይ እስከ ታች ድረስ ሰረዝ ናት፣ ተሰልፋ።

በመስከረም ለግንዱ፣ ትል እንዳይወጣበት፣
የሙጫ ቀበቶ እናስታጥቃለን፤
በበረዶው ወራት፣ መጋዝ ተሸክመን፣
የሞተውን ጣቱን እንቆርጥለታለን።
በኔ እጅ ያለው ግን ሌላ ነው፣ ብርቱካናማ ቀለም፤
ክብ የሣልኩበት ዛፍ ከሳምንት በኋላ የለም።

ሃልደን መንገድ። አርባ ሺህ ስምንት መቶ ዐሥራ ሰባት።
ከዜኖን ኮስቲዩክ በር ፊት ለፊት።
ደረቱ ላይ ሣልኩና አለፍኩ።
ሰኞ ስመለስ ክቡን አጣሁት፤
ቅርፊቱ ርጥብ፣ ሥሩ ላይ የሳሙና አረፋ፣
ሣሩ ላይ የልብስ ብሩሽ፣ ብርቱካናማ ጥርስ አብቅላ።
ደግሜ ሣልኩት፣ ከፍ አድርጌ፣ ክንዴ እስከደረሰ።
ሐሙስ ዕለት መሰላል ቆሟል፤
የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ሦስተኛው እርከን ላይ
በአንድ እጁ ግንዱን አቅፎ በሌላው ይፈትጋል፣
እናት የልጇን አፍንጫ እንደምትጠርግ፣ ልጁ እምቢ እያለ።

«ውረድ፣ አባባ።»
«አልወርድም።» ደረቴ ላይ ያለውን ስም አነበበ።
«ሮዌና፣ የማን ነው ይሄ ዛፍ?»
«የከተማው።»
«ያ የሰኔ ነፋስ ትከሻውን ሲገነጥለው ከተማው የት ነበር?
በልብስ ማስጫ ገመድ ያሠርኩት እኔ ነኝ።
ስቴፋን ምጥ ሲይዛት፣ ታክሲው እስኪመጣ፣
ማንን እንደተደገፈች መዝገቡ ያውቃል?»
አያውቅም። ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም።

ከደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ።
የጠወለገ ቅርንጫፍ ቆርጬ ልጣጩን በቢላ ገፈፍኩ፤
ነጭ መሆን የነበረበት እንጨት
ቡናማ ሰረዝ በሰረዝ ሆኗል፣
በችኮላ እንደተጻፈ ደብዳቤ።
መነጽሩን አደረገ። ብዙ ቆየ።
«ጥንዚዛዋ ናት?»
«ጥንዚዛዋ ተሸክማ ያመጣችው።
ከመሬት በታች ደግሞ ሥሮቻቸው ይያያዛሉ፣
በዚያም ይሻገራል።»
ቀና ብሎ መንገዱን አየ፣ እስከ ጥጉ።
«ቀጥሎ ያለው የቶርዲስ ነው» አለ፣
«ልጆቿ ዥዋዥዌ አሥረውበታል።»
«አይቻለሁ።»
እጁን ዘረጋ። ብሩሹን አቀብይኝ ያለኝ መስሎኝ ነበር፤
የጠየቀው ቆርቆሮውን ነው።

ክቡ ትንሽ ተንጋደደ።

ማክሰኞ መኪናው መጣ፤ ቀትር ሳይሆን አለቀ።
ጉቶው ላይ ጎንበስ ብሎ ቀለበቶቹን በጥፍሩ ቆጠረ፣
ስልሳ ላይ ሲደርስ ተወው።
አንዲት ቁራጭ ለመታሰቢያ ለመነኝ፤
ልጣጭ ያለው እንጨት ማስቀረት ክልክል ነው።
እምቢ አልኩት። እሱም አልተቀየመኝም፣
ወይም ተቀይሞ ዝም አለ።

ማታ፣ ቢሮ ሰው ሲያልቅ፣ መዝገቡን ገለጥኩ፤
አርባ ሺህ ስምንት መቶ ዐሥራ ሰባት፦ ተነሥቷል።
ምክንያት፦ በሽታ። ምትክ፦ በሚያዝያ ይተከላል።
ምርመራ፦
ሰረዟን ልጥል እጄን አቀረብኩና መለስኩት።
«ሁለት ጊዜ ታጥቧል።»